የካርቶኑ ቁጥር፦ አርሰናል በ2022/23 ምን ጠብቀን ምን አገኘን

ሐምሌ 29 ቀን 2014፣ አርብ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የኮሜንታተሩ ድምጽ አልሰማ ብሎን ነበር። ሰፈራችን ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት፣ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ከነ ኦንሪ ዘመን ጀምሮ የአርሰናል ሰው ናቸው፣ የብስኩት ካርቶን ጎኑን ቀደዱና ማርከር አምጥተው "በሉ ዘንድሮ ፕሪሚየር ሊጉ ላይ ስንተኛ እንደምንወጣ ሁላችሁም ጻፉ፣ ኋላ አላልኩም እንዳትሉ" አሉ። ለትክክለኛው ቁጥር የቀረበ ሰው ለአንድ ወር ሻይ በነጻ ይጠጣል። ተራ በተራ ስማችንንና ቁጥራችንን ጻፍን። አብዛኛው ሰው 4 ነው የጻፈው፣ እኔም 4። አንድ ልጅ 3 ብሎ ጻፈና ተሳቀበት። ጥግ ላይ የሚቀመጥ አንድ የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ደግሞ "እኔም ልሳተፍ" ብሎ 7 አስቀመጠልን።

1 ብሎ የጻፈ አንድም ሰው የለም። ይቺን አስምሩባት፣ ምክንያቱም ከዘጠኝ ወር በኋላ እዛው ቤት እዛው ፕላስቲክ ወንበር ላይ 2ኛ ወጣን ብለን ለቅሶ የተቀመጥነው እኛው ነን። 4 ጠይቀን 2 ተሰጥቶን ማልቀስ ምን የሚሉት ነገር ነው? እኔ ይሄ ጉዳይ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

4 ለምን?

መጀመሪያ ያን ጊዜ የነበርንበትን ቦታ ላስታውሳችሁ። በ2019/20 8ኛ፣ በ2020/21 ደግሞም 8ኛ። የ2021/22 ሲጀመር በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸንፈን በሶስት ጨዋታ አንድ ጎል ሳናገባ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበርን። ያኔ አሰልጣኙ አርቴታ ይባረር ያላለ ካለ እጁን ያውጣ፣ እኔ ብያለሁ አልዋሽም። ከዛ ቡድኑ ተነሳ፣ ጥሩ ሄደ፣ ሶስት ጨዋታ ሲቀር ቶተንሃምን በ4 ነጥብ እየመራን "በቃ ቻምፒየንስ ሊግ ገባን" ስንል በራሱ በቶተንሃም 3 ለ 0፣ ቀጥሎ በኒውካስል 2 ለ 0፣ አለቀ። ቻምፒየንስ ሊግ የሚገባው እስከ 4ኛ የወጣ ነው፣ እኛ 69 ነጥብ ይዘን 5ኛ፣ ስፐርስ (ያው ቶተንሃም) በ71 አልፎን ገባ።

በዛ ዓመት ሲቲ 93፣ ሊቨርፑል 92 ነጥብ ነው የያዙት። ከሻምፒዮኑ በ24 ነጥብ ነው የራቅነው ማለት ነው፣ ስምንት ሙሉ ድል። እንዲህ ርቆ የጨረሰ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫ ያነሳል ብሎ ካርቶን ላይ የሚጽፍ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ሻዩን አይፈልግም። ደግሞ ከ2017 ጀምሮ፣ ባየርን ደርሶ መልስ 5 ለ 1 እና 5 ለ 1 ከቀጠቀጠን በኋላ፣ ቻምፒየንስ ሊግ አይተን አናውቅም። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ የሰው ቡድን ስናይ ነው የከረምነው። ስለዚህ 4 ማለት ቁጥር ብቻ አልነበረም፣ ማክሰኞ ማታ የራሳችንን ማልያ ለብሰን መምጣት ማለት ነው።

ክረምቱ ላይ የመጡት ልጆች ደስ ይሉ ነበር። ኦባሜያንግ በመሃል አምበልነቱን ተነጥቆ ባርሴሎና ሄዷል፣ ላካዜት ሊዮን ተመልሷል፣ በነሱ ቦታ ከሲቲ ገብርኤል ጄሱስ በ45 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ መጣ፣ ተከትሎት ዚንቼንኮ መጣ፣ ከፖርቶ ፋቢዮ ቪዬራ። ከሁሉም በላይ ግን ተከላካዩ ሳሊባ። በ2019 ተገዝቶ በውሰት ሲንከራተት ከርሞ፣ ለኛ አንድ የነጥብ ጨዋታ ሳይጫወት፣ ከማርሴ ተመለሰ። በፕሪሲዝን፣ ሊጉ ሳይጀመር በሚደረጉት የወዳጅነት ጨዋታዎች፣ ኦርላንዶ ላይ ቼልሲን 4 ለ 0፣ ሜዳችን ኤምሬትስ ላይ ሴቪያን 6 ለ 0 አሸነፍን። ፕሪሲዝን አይቶ የሚያምን ደጋፊ በእጮኝነት ጊዜ ያየውን ጸባይ አምኖ እንደሚያገባ ሰው ነው፣ ግን አየን፣ ደስ አለን። ያም ሆኖ 4 ነው የጻፍነው። በጣም ልከኛ ሰዎች ነበርን እኮ!

መቼ ነው የተቀየረው

ያን ማታ ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 0 አሸነፍን። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፍን። ነሐሴ 29 ማንቼ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ሄደን 3 ለ 1 ስንሸነፍ የማንቼው ልጅ ተነስቶ ካርቶኑ ላይ 7ቷን አከበባት። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ አርፈው የሳምንቱ ጨዋታ በሙሉ ስለተሰረዘ ብሽቀቱን ይዘን ነው አዲሱን ዓመት የተቀበልነው። ከዛ ግን ስፐርስን 3 ለ 1፣ ሊቨርፑልን 3 ለ 2፣ ስታምፎርድ ብሪጅ ሄደን ቼልሲን 1 ለ 0። ለዓለም ዋንጫ ሊጉ ሲቋረጥ በ14 ጨዋታ 37 ነጥብ፣ ከሲቲ 5 በልጠን አንደኛ።

በዚህ ጊዜ ማንንም ብትጠይቁ መልሱ "ኧረ ቶፕ ፎር ይበቃናል" ነው። አፋችን 4 ይላል፣ ሰውነታችን ግን ሌላ ነገር ጀምሯል። ማስረጃ ልስጣችሁ፦ ጃንዋሪ 3 ከኒውካስል ጋር ሜዳችን ላይ 0 ለ 0 ወጣን። ኒውካስል በዛ ዓመት ጎል የማይገባበት ጠንካራ ቡድን ነው፣ 4 ለጻፈ ሰው አንድ ነጥብ ምንም አይልም። ግን ያን ቀን አንድ ሰው ኮፍያውን ስክሪኑ ላይ ወረወረ፣ እኔ ራት ሳልበላ ተኛሁ። 4 የጠበቀ ሰው እንዲህ አይሆንም። 1 ማሰብ የጀመረ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው፣ ለራሱም ሳይናገር።

ጃንዋሪ 22 ማንቼን 3 ለ 2 አሸነፍን፣ ንኬቲያ 90ኛው ደቂቃ ላይ። 19 ጨዋታ 50 ነጥብ! ያን ማታ አንድ ልጅ ማርከር ይዞ ወደ ካርቶኑ ሄደና 4ቱን ሰርዞ 1 ሊጽፍ ሲል ጋሼ "እጅህን ሰብስብ! የተጻፈ ተጽፏል" ብለው መለሱት። ሁላችንም ሳቅን፣ ግን እኔ ውስጤ እሱ ባይከለከል ቀጥዬ ልሰለፍ ነበር።

ዝውውሩም እንዲሁ። ግማሹን ወር ሙድሪክ መጣ አልመጣ ስንል ከረምን፣ በመጨረሻ ቼልሲ ገባ፣ እኛ ትሮሳርድን ወሰድን። ያኔ ስንት ተሳድበናል። ትሮሳርድ ግን ፉልሃም ላይ በአንድ ግማሽ ሶስት ጎል የሚሆን ኳስ አቀብሎ አፋችንን አዘጋን።

እኔ ቀኑን ቁረጥ ብባል ግን ማርች 4 ነው የምለው። በርንማውዝ ኤምሬትስ ላይ። ሻዩ ተቀድቶ ስኳሩን ሳናማስል፣ 9 ሰከንድ፣ ገባብን። ከእረፍት መልስ ሁለተኛ ገባብን። ከዛ ፓርቴ፣ ከዛ ቤን ኋይት፣ 2 ለ 2፣ ሰዓቱ አለቀ፣ 97ኛው ደቂቃ ላይ ኮርነር ተመታ፣ ኳሷ ተመልሳ ተቀይሮ የገባው ሪስ ኔልሰን ጋ ደረሰች፣ በግራ እግሩ... ያን ቀን ሁለት ወንበር ተሰብሯል፣ ጋሼ ሂሳቡን አልጠየቁንም። እና "ዘንድሮ የኛ ነው" የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ተነገረ፣ "ይሄማ የተጻፈልን ነው" የሚል ሁሉ ነበር። አሁን ሳስበው በሜዳህ በርንማውዝን ለማሸነፍ 97 ደቂቃ የፈጀብህ ከሆነ የሆነ ነገር እያለቀብህ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ድካሙን እንደ በረከት ነው ያነበብነው።

ከ12 ቀን በኋላ በዩሮፓ ሊግ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ጋር ስንጫወት ቶሚያሱና ሳሊባ ከእረፍት በፊት ተጎድተው ወጡ። በመለያ ምት ተሸንፈን ወጣን። "ጥሩ ሆነ፣ ሊጉ ላይ እናተኩራለን" ያለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ እኔ ነኝ።

ኤፕሪል 1 ሊድስን 4 ለ 1። 29 ጨዋታ፣ 72 ነጥብ፣ አንድ ጨዋታ ከሚቀረው ከሲቲ በ8 ከፍ ብለን። ከዚህ በኋላ በ4 የሚያምን ሰው ሰፈር ውስጥ አልነበረም።

ሆሳዕና፣ ፋሲካ፣ ኢድ

የሚቀጥሉት ሶስት ጨዋታዎች በኛ በዓላት ላይ ነው የወደቁት፣ ለዚህ ነው ሰፈሬ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀኑን ሳይቆጥር የሚያስታውሳቸው።

ሆሳዕና ዕለት፣ ሚያዝያ 1 2015፣ ከምሽቱ 12 ተኩል፣ ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ። ግማሹ ሰው ጣቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። ማርቲኔሊ አገባ፣ ጄሱስ በቴስታ አገባ፣ 2 ለ 0። ኳሱን እየተጫወትንበት ነው፣ ሊቨርፑል የት እንዳለ አይታወቅም። ከዛ ዣካ ከአሌክሳንደር አርኖልድ ጋር ተገፋፋ፣ ሁለቱም ቢጫ አዩ፣ ተኝቶ የነበረው ስታዲየም ነቃ፣ ትንሽ ቆይቶ ሳላህ አገባ። ከእረፍት በኋላ ሳላህ ፔናሊቲ ሳተ፣ "ተጻፈልን ብያችሁ" አለ አንዱ፣ 87ኛው ደቂቃ ላይ ፊርሚኖ። 2 ለ 2። ራምስዴል መጨረሻ ላይ ያዳናቸው ኳሶች ባይኖሩ መሸነፍም ነበረ። አሁን ልብ በሉ፣ አርሰናል በሊግ አንፊልድ ላይ ካሸነፈ ከ2012 ወዲህ አስር ዓመት አልፎታል፣ ኦገስት ላይ አንድ ነጥብ እንሰጣችኋለን ቢሉን ስመን ነበር የምንቀበለው። ያን ማታ ግን ቀለበቱን በጥርሱ እየበጣጠሰ የሚሄድ ሰው ነበር።

ፋሲካ፣ ሚያዝያ 8፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ዌስትሃም። 55 ቀን ጾመን፣ ሌሊት ገድፈን፣ ዶሮው ሆዳችን ውስጥ ገና አልተኛም። እናቴ "ዛሬም?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እንግዳ ቤት ትቼ ወጣሁ። 7ኛው ደቂቃ ጄሱስ፣ 10ኛው ደቂቃ ኦዴጋርድ። 2 ለ 0 በአስር ደቂቃ! ጋሼ ከቤታቸው ድፎ ዳቦ አስመጥተው ለሁሉም ቆረሱ። ከዛ ፔናሊቲ ተሰጠብን፣ ቤንራህማ አገባ። ይሁን። ከእረፍት መልስ ለኛ ፔናሊቲ ተሰጠ። ሳካ። ኳሷን አስቀመጠ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ አጠገቤ ያለው ልጅ ዳቦውን ከአፉ አጠገብ ይዞ ቀርቷል፣ ሳካ መታ፣ ወደ ውጪ። ዳቦው ወረደ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቦወን አገባ። 2 ለ 2። ቤት ስመለስ እናቴ ፊቴን አይታ ምንም አላለችኝም፣ ዶሮ ደግማ አቀረበችልኝ፣ አልበላሁም። ለፋሲካ ዶሮ አልበላም ያለ ልጅ ምን ሆኖ ነው ብለው እንግዶቹ ተያዩ። ሃዘን ደርሶበት ነው አይባል፣ ያዘነው ለለንደን ልጆች ነው።

ሚያዝያ 13 ኢድ ነበር፣ አርብ። ቀን ጓደኛችን ቤት በልተን ጠጥተን ማታ 4 ሰዓት ላይ ተሰበሰብን፣ ሳውዝሃምፕተን፣ የሊጉ መጨረሻ፣ በዛ ዓመት የወረደ ቡድን። ደቂቃ ሳይሞላ ራምስዴል በስህተት ኳስ ሰጣቸው፣ ጎል። ቀጥሎ ዋልኮት፣ የኛው የድሮ ልጅ፣ ጎል። 3 ለ 1 እየተመራን 88ኛው ደቂቃ ደረሰ፣ ኦዴጋርድና ሳካ አግብተው 3 ለ 3 ሆነ። ነጥብ አገኘን ብሎ የጨፈረ የለም። ኢድ ሙባረክ ተባብለን ተለያየን።

ሲቲ ጋ ስንሄድ አሁንም አንደኛ ነን፣ ግን ሲቲ ሁለት ጨዋታ ይቀረዋል። 4 ለ 1። ደ ብሩይነ ሁለት አገባ፣ ሳሊባ በሌለበት ሆልዲንግ ሃላንድን ሲከታተል ማየት ራሱ ያሳዝን ነበር (ሆልዲንግ መጨረሻ ላይ አንዷን አግብቷል፣ እሱን አትርሱበት)። ከዛ ቼልሲንና ኒውካስልን አሸንፈን ትንሽ ተነፈስን፣ ብራይተን መጥቶ በሜዳችን 3 ለ 0 አደረገን፣ ግንቦት 12 በኖቲንግሃም ፎረስት 1 ለ 0 ስንሸነፍ ሲቲ ሳይጫወት ሻምፒዮን ሆነ። ዓመቱን ሙሉ 248 ቀን አንደኛ ሆነን አሳልፈናል፣ በእንግሊዝ ትልቁ ሊግ ታሪክ ይሄን ያህል ቀን መርቶ ዋንጫ ያላነሳ ቡድን የለም። ይሄንን ሪከርድ ማንቼው በቃሉ ያውቀዋል።

ሳሊባ ብቻ ነው?

ሰው ሁሉ "ሳሊባ ባይጎዳ ኖሮ" ይላል። ቁጥሩ ይደግፈዋል፣ ሳሊባ በተጫወተባቸው የመጀመሪያዎቹ 27 የሊግ ጨዋታዎች 25 ጎል ነው የገባብን፣ እሱ በሌለባቸው 11 ጨዋታዎች 18። ልዩነቱ በአይን ይታያል። ግን ሳሊባ ብቻ አይደለም። አርቴታ ያንኑ አስራ አንድ እያሰለፈ ነው የመጣው፣ አግዳሚው ሳሳ ያለ ነው፣ ልጆቹ ወጣት ናቸው፣ ከፊት ደግሞ ሲቲ በተከታታይ 12 የሊግ ጨዋታ እያሸነፈ እየመጣ ነው። (የሲቲን የ115 የፋይናንስ ሕግ ጥሰት ክስ ነገር አታንሱብኝ፣ እሱን ከጀመርኩ አልጨርስም።) እሱን ሩጫ ለመቋቋም የቀሩትን ዘጠኝ ጨዋታዎች ጠራርገህ ልትበላ ይገባሃል፣ እኛ ከ27 ነጥብ 12 ነው ያገኘነው።

የኔ ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። ዓመቱን በ84 ነጥብ ጨረስን፣ 26 ድል፣ ካለፈው ዓመት በ15 ነጥብ በልጠን፣ 88 ጎል አግብተን፣ ሲቲ በ89 ነጥብ። አሁን ያንኑ 84 ነጥብ ገልብጡት። መጀመሪያ ላይ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተን 12 ነጥብ ብቻ ያዝን እንበል፣ አርቴታ ይባረር ብለን ጮህን፣ ከዛ ቡድኑ ተነስቶ 29 ጨዋታ ላይ 72 ነጥብ ለቅሞ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያው 84። ያኔ በፒካፕ ላይ ሆነን ከተማውን በዞርን ነበር፣ አርቴታም ሐውልት ይሰራለት ባልን ነበር። ነጥቡ አይደለም የገደለን፣ ነጥቡ የመጣበት ተራ ነው። ደጋፊ ኦገስት ላይ የጻፈውን ቁጥር ይዞ አይኖርም፣ ቡድኑ በወጣ ቁጥር አብሮት ይወጣል፣ ቡድኑ ሲወርድ ግን አብሮ አይወርድም፣ እላይ ቀርቶ ነው ወደ ታች የሚያየው።

ይሄን ለማየት ሌሎቹን ተመልከቱ። ኒውካስል በዛው ዓመት በ71 ነጥብ 4ኛ ወጥቶ ከተማው በደስታ ሰከረ። ማንቼ 75 ነጥብ ይዞ 3ኛ፣ ካራባዎ ካፕ በላ፣ ጥግ ላይ ያለው ልጅ ግንቦትን ሙሉ ፈገግ እንዳለ ነው የከረመው። ከኛ በ9 ነጥብ ያነሰ ቡድን ደጋፊ እኮ ነው! እሱ ግን ዓመቱን የጀመረው በብራይተን 2 ለ 1፣ ቀጥሎ በብሬንትፎርድ 4 ለ 0 ተሸንፎ ነው፣ ከዛ በኋላ የመጣለት ሁሉ ትርፍ ነው። እኛ ከማማ ላይ፣ እሱ ከጉድጓድ። አንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን።

ግንቦት 20 ዉልቭስን 5 ለ 0 አሸንፈን ሲያበቃ ጋሼ ካርቶኑን አወረዱ። አሸናፊው 3 ብሎ የተሳቀበት ልጅ ነው። ሻዩ ተቀዳለት፣ አንድ ጊዜ ፉት አለና ተወው።

በ2023 ኦገስት አዲስ ካርቶን ወጣ። ዴክላን ራይስ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት መጥቷል፣ ሳሊባ ድኗል፣ ጋሼ ማርከሩን ሳያቀብሉ በፊት መልሱ ይታወቅ ነበር፣ 1፣ 1፣ 1፣ እስከ ታች ድረስ። ማንቼው ተነስቶ ከስር 2 ብሎ ጻፈልን። 89 ነጥብ ይዘን፣ 28 ጨዋታ አሸንፈን፣ ሲቲ በ91 ቀደመን። በ2024 ደግመን 1 ጻፍን፣ እሱም ደግሞ 2 ጻፈ፣ በዛ ዓመት ሊቨርፑል በ84 በላው፣ እኛ በ74 2ኛ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የነጻውን ሻይ የሚጠጣው እሱ ነው፣ ወንበሩን ከጥግ አንስቶ እኛ ፊት ለፊት አድርጎ፣ ስኳር አብዝቶ፣ በቀስታ እያማሰለ።